ላሊበላ እንሂድ ወይስ እንቅር?

ገና ሲቃረብ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ዘንድሮ ላሊበላ መሄድ ይቻላል?» ለሁላችሁም የሚሆን አንድ መልስ ስለሌለኝ ሐሳቤን እዚሁ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። አዲስ አበባ ከመግባቴ በፊት እዚያው አስጎብኚ ነበርኩ፤ ዘመድ ወዳጆቼም አሁን ድረስ እዚያው ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩን ከዳር ሆኜ የምመለከት ሰው አይደለሁም።

ለማያውቀው የነገሩን አመጣጥ ባጭሩ ላስታውስ። በመጋቢት 2011 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ለመጠገን እናግዛለን ብለው ሲመጡ ተስፋችን ትልቅ ነበር። በዓመቱ ኮሮና እንግዳውን አስቀረ። ሐምሌ 29 ቀን 2013 በሰሜኑ ጦርነት የሕወሓት ኃይሎች ከተማዋን ያዙ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስም ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትገባ ቆየች። በጥቅምት 2015 ያንን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ሲፈረም ሰው ተንፈስ አለ። ዓመቱ ሳያልቅ ግን በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ ተነሣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በረራ ተቋረጠ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ጠፋ። አዋጁ በ2016 ጊዜው ቢያልፍም ተኩሱ ከክልሉ አልጠፋም።

አሁን ወደ ክርክሩ። አሜሪካ የሚኖር ወዳጄ አምና ከገና በኋላ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ወገን እየሞተ እናንተ ነጠላ ለብሳችሁ ፎቶ ትነሣላችሁ። ያ ፎቶ ነገ ‹ክልሉ ሰላም ነው› ለማለት መዋሉን አታውቁም?» ብዙዎቻችሁ እንዲህ ያለውን አስተያየት «ሩቅ ተቀምጦ መናገር ቀላል ነው» ብላችሁ ታልፉታላችሁ። እኔ አላልፈውም። ነጭ የለበሰ ሕዝብ በቴሌቪዥን ሲታይ፣ ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ መንገድ የተዘጋበት ገበሬ ከሥዕሉ ይወጣል። ይህ እውነት ነው፤ ወዳጄ የተቆጣውም ቤተሰቡ ገጠር ስላለ ነው።

ግን ደግሞ ጫማ ጠባቂውን አስቡት። ላሊበላ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ። ወደ ቤተ መድኃኔዓለም ስትገቡ ጫማችሁን ደጃፉ ላይ አውልቃችሁ ትተዋላችሁ፤ በሌላኛው በር ስትወጡ ጫማው አፉ ወደ ፊት ዞሮ፣ ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። ተሸክሞ በዓለቱ መተላለፊያ ዞሮ የመጣው እሱ ነው። ከዚያ ቤተ ማርያም፣ ከዚያ ቀጣዩ። ደመወዝ የለውም፤ ማታ ልጆቹን የሚያበላው እንግዳው በሚሰጠው ነው። በቅሎ የሚያከራየው፣ ሸማኔው፣ ሻይ የምታፈላው እናትም እንደዚሁ። እንግዳ መቅረቱ ጦርነቱን አንድ ቀን አላሳጠረውም፤ የእነዚህን ሰዎች ጓዳ ግን ባዶ አድርጎታል። «አትሂዱ» የሚለኝን ሰው ሁልጊዜ የምጠይቀው ስለ እነሱ ምን እንዳሰበ ነው።

የውጭ አገር ቱሪስቱ ነገር ለብቻው ነው። ብዙ ሰው «ፈረንጅ ፈርቶ ቀረ» ይላል፤ ጉዳዩ በአመዛኙ የኢንሹራንስ ነው። ለምሳሌ የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዜጎቹ «ወደዚህ አካባቢ አትሂዱ» የሚል ምክር ሲያወጣ፣ ምክሩን ተላልፎ የሄደ ሰው የጉዞ መድኅኑ ላይሠራ ይችላል። ቢታመም ወይም በረራው ቢሰረዝ ወጪው የራሱ ነው። አብዛኞቹ አስጎብኚ ድርጅቶችም ያለ መድኅን ቡድን አይልኩም። በካርታው ላይ ክልሉ በሙሉ አንድ ቀለም ሲቀባ፣ በአውሮፕላን የሚገባባት ከተማና በመኪና የሚታለፈው በረሃ አይለዩም። የአገሬን ሰው የሚያበሳጨው ይህ ነው፤ መቀየሙም ትክክል ነው እላለሁ።

ምዕመናኑ ግን የማንንም ምክር አይጠብቁም። ስለት ያለበት ሰው ስንቁን ቋጥሮ፣ ቀናት በእግሩ ተጉዞ ይመጣል፤ የላሊበላም ሰው ከነአቧራው ተቀብሎ እግሩን ያጥበዋል። በበዓሉ ጠዋት ካህናቱ ገሚሱ ከላይ በቤተ ማርያም ዙሪያ በዓለቱ ጠርዝ ላይ፣ ገሚሱ ከታች ግቢው ውስጥ ቆመው «ቤዛ ኩሉ»ን እየተቀባበሉ ሲያሸበሽቡ፣ ያንን የሚያይ ሰው ምዕመናኑ ለምን እንደመጡ አይጠይቅም። ይህን ሥርዓት እያንዳንዳችሁ በዐይናችሁ እንድታዩት እመኛለሁ።

እና ምን ትላለህ ካላችሁኝ፦ በረራ ካለ በአውሮፕላን ሂዱ፤ በወልድያና በጋሸና በኩል በመኪና ግን አልመክርም። በክልሉ መንገዶች ላይ ስለ እገታ የምንሰማው ነገር ቀላል አይደለም፤ መንገድም ሳይታሰብ ይዘጋል። አየር ማረፊያው ራሱ ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ ያንን መንገድም አስቀድማችሁ አጣሩ። በረራ ቢቋረጥ ሳምንት መቆየት የማትችሉ፣ የየቀኑ መድኃኒት ያላችሁ፣ ሕፃን የያዛችሁ፣ ዘንድሮ ብትቀሩ ይሻላል።

አንድ ነገር አደራ። እዚያ ላለ ሰው ደውላችሁ «ሰላም ነው?» አትበሉት። በስልክ ምን ብሎ ይመልስላችሁ? «ሰላም ነው» ቢል ነገ የሚሆነውን አያውቅም፤ «አይደለም» ቢል ማን እንደሚሰማው አያውቅም። ይልቅ «ትናንት አውሮፕላን አርፏል? ከአየር ማረፊያው መኪና ይገኛል? ማታ እስከ ስንት ሰዓት ትንቀሳቀሳላችሁ?» በሉት። ይህን ሳይጨነቅ ይነግራችኋል፤ ለእናንተም የሚጠቅማችሁ ይኸው ነው።

ስትመለሱም «ሰላም ነው፣ ሂዱ» ብላችሁ አትለጥፉ። እናንተ በሁለት ቀን ውስጥ ያያችሁት የከተማውን መሐል ነው። የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ቀን፣ ያያችሁትን ጻፉ፤ ሌላው የራሱን ይወስን። ወዳጄ ያን ያህል የተቆጣው ሰው በዓል በማክበሩ አይመስለኝም፤ ስለ ገበሬው መንገድ የማያውቀውን በመመስከሩ ነው።

ለመቅረት የወሰናችሁ ደግሞ፣ አስቀድማችሁ ለማረፊያ ቤትና ለአስጎብኚ የከፈላችሁት ቀብድ ካለ፣ አቅማችሁ ከፈቀደ አታስመልሱት። «ለሚቀጥለው ይያዝልኝ» በሏቸው። የምታውቁት አስጎብኚ ካለ መደወሉን አትተዉ። እኔም የሰማሁትን የበረራ ሁኔታ ከታኅሣሥ መጀመሪያ ጀምሮ ከነቀኑ እዚሁ እለጥፋለሁ፤ እዚያ ቤተሰብ ያላችሁም የምታውቁትን በውስጥ መስመር ላኩልኝ።