ለፖሊ ልጆች ሹክ ልበላችሁ

ሊኑክስ ከርነል ውስጥ የባስ መቆጣጠሪያ ድራይቨር አስገባ የተባለ ልጅ ባሕር ዳር ፖሊ ግቢ ውስጥ እንደ ሊቅ ይታያል። በእኛው መሃል ይቅርና፣ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ የሚጻፍ ድራይቨር የለም።

አይ-ቱ-ሲን (I2C) ውሰዱ፦ ፊሊፕስ በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባስ ነው፤ ሁለት ሽቦ ብቻ፣ አንዱ ለሰዓት ምት፣ አንዱ ለመረጃ። ቺፕ ሠሪዎች መቆጣጠሪያውን ከባዶ የሚነድፉት ስንት ጊዜ ይመስላችኋል? ብዙዎቹ የሲኖፕሲስን ዝግጁ ንድፍ ገዝተው ይከቱታል። ርካሾቹን የቻይና ቦርዶች እዩ፦ የብዙ ኦልዊነር ቺፖች አይ-ቱ-ሲ በሊኑክስ የሚሠራው ለማርቬል ቺፕ በተጻፈ ድራይቨር ነው! የቺፑ መመሪያ ይህን አይነግራችሁም። የሬጅስተሮቹን ሠንጠረዥ ከርነሉ ውስጥ ካሉት ድራይቨሮች ጋር ጎን ለጎን ስታስተያዩት ግን ዘመዱ ይወጣል። ከዚያ የሚቀረው ዴቫይስ ትሪው የሚጠራበትን ስም መጨመርና ልዩነቷን በጥቂት መስመር ማቃናት ነው።

ላብ የሚያስወጣው ሌላ ነው። መብራት ብልጭ ብሎ ቦርዱ እንደገና ሲነሣ፣ ንባብ ላይ የነበረው ሴንሰር ካልጠፋ የመረጃውን ሽቦ ዝቅ እንዳደረገ ይዞ ይቀራል። ባሱ ታነቀ ማለት ነው። መድኃኒቱ በሰዓቱ ሽቦ 9 ምት መስደድ ነው፤ 8ቱ ለቢቶቹ፣ አንዱ ለማረጋገጫው። ይህን ያላሰበ ድራይቨር ላብራቶሪ ውስጥ ያምርበታል፤ ጣና ዳር በተተከለ የአየር መለኪያ ላይ ግን ዕድሜ የለውም።

ጣናን ካነሣን አይቀር፣ የግፊት ሴንሰራችሁ 820 ሄክቶፓስካል አካባቢ ቢያነብ ድራይቨሩን አትጠርጥሩት። የመማሪያ ምሳሌዎች የሚጠቅሱት 1013 የባሕር ጠለል ቁጥር ነው፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ 1013 ካያችሁ ነው መጨነቅ።

ለውጣችሁን ወደ ከርነሉ ለማስገባት ፓቹ በተራ ኢሜይል ይላካል፤ አባሪ የለም፣ በቼክፓች ይፈተሻል፣ ፊርማ ይታከልበታል። ለውጡ ለምን እንዳስፈለገ በግልጽ ካልጻፋችሁ ኮዱ ቢያምርም ይመለስባችኋል። የአይ-ቱ-ሲውን ክፍል የያዙት ጠባቂዎች (ሜንቴይነሮች) ዝም ቢሏችሁ አትቀየሙ። አዲስ የከርነል ዕትም ሲጀመር ሁለት ሳምንት የሚቆይ የመርጅ መስኮት አለ፤ ያኔ ብዙዎቹ አዲስ ፓች አያዩም። መስኮቱ ሲዘጋ ደግማችሁ ላኩ።