የተቆረጠ ጉበት መልሶ ያድጋል፦ ስለ ጉበት ንቅለ ተከላ ልናውቀው የሚገባ

በአማርኛችን በጣም የተናደደ ሰው «ቆሽቴ አረረ» ይላል። ፈሪውን «ሐሞተ ቢስ» እንለዋለን። ዓይኑ ቢጫ የሆነውን ደግሞ «የወፍ በሽታ ያዘው» ማለት የተለመደ ነው። ቆሽት፣ ሐሞትና ጉበት በሆዳችን ውስጥ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ስማቸውን አዘውትረን የምንጠራውን ያህል ግን ሥራቸውን አናውቀውም። በዚህ ጽሑፍ በተለይ ስለ ጉበት፣ ጉበት ሲበላሽም ሐኪሞች በሌላ ጉበት ለመተካት እንዴት እንደ ቻሉ እንመለከታለን።

ጉበት በስተቀኝ በኩል ከጎድን አጥንታችን ሥር ይገኛል። የአዋቂ ሰው ጉበት 1.5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ከአንጀት የሚነሣው ደም መጀመሪያ የሚያልፈው በእሱ በኩል ነው። ጉበት ስኳር ያከማቻል፣ መርዝ ያመክናል፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ፕሮቲኖችን ይሠራል፣ ስብን ለመፍጨት የሚረዳውን ሐሞት ያመነጫል። ኩላሊት ሥራውን ሲያቆም ደምን በማሽን እያጠቡ ለዓመታት መኖር ይቻላል። ጉበትን ግን እንዲህ ለረጅም ጊዜ የሚተካ ማሽን የለም። ስለዚህ ጉበቱ ፈጽሞ ለተበላሸ ሰው ያለው ተስፋ ሌላ ጉበት ማግኘት ነው።

የመጀመሪያው የሰው ጉበት ንቅለ ተከላ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ነው። ሐኪሙ ዶክተር ቶማስ ስታርዝል ነበሩ። ታካሚው የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር፤ ደሙ አልቆም ብሎ እዚያው በቀዶ ሕክምናው ላይ አረፈ። ከእሱ በኋላ የታከሙትም ከጥቂት ሳምንታት በላይ አልቆዩም። ዶክተር ስታርዝል ቀዶ ሕክምናውን አቁመው ወደ ምርምር ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1967 እንደገና ሲጀምሩ አንዲት ሕፃን ከአንድ ዓመት በላይ ኖረች።

ችግሩ የቀዶ ሕክምናው ክብደት ብቻ አልነበረም። ሰውነታችን የራሱ ያልሆነውን ነገር እንደ ጠላት ይቆጥራል፤ ተሕዋስያንን እንደሚዋጋ ሁሉ የተተከለለትንም ጉበት ይዋጋል። ለዚህ መፍትሔ የሆነው ሳይክሎስፖሪን የተባለው መድኃኒት ሲሆን የተገኘውም ከኖርዌይ በመጣ አፈር ውስጥ ከነበረ ፈንገስ ነው። ከዚህ መድኃኒት በፊት ጉበት ከተተከለላቸው ሰዎች አንድ ዓመት የሚሞሉት ሲሶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ ከእሱ በኋላ ግን ቁጥሩ ወደ 70 በመቶ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች የጉበት ንቅለ ተከላ ሙከራ መሆኑ ቀርቶ ሕክምና ሆኗል ሲሉ ወሰኑ። ታካሚው ግን እነዚህን መድኃኒቶች በአብዛኛው ዕድሜ ልኩን መዋጥ አለበት።

ጉበት ከሌሎች የሰውነታችን ክፍሎች የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ከጤነኛ ጉበት ከግማሽ በላዩ ተቆርጦ ቢወሰድ የቀረው በሳምንታትና በወራት ውስጥ አድጎ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይጠጋል። ጉበት የየራሳቸው የደም ሥርና የሐሞት ቱቦ ባላቸው ስምንት ክፍሎች ስለሚከፈል ሐኪሞች የት መቁረጥ እንዳለባቸው ያውቃሉ። በዚህም መሠረት እ.ኤ.አ. በ1989 በአውስትራሊያ ብሪዝበን ከተማ አንዲት ጃፓናዊት እናት ከጉበቷ ቆርጣ ለሕፃን ልጇ ሰጠች፤ እናትም ልጅም ዳኑ። ዛሬ ወንድም ለእኅቱ፣ ልጅ ለአባቱ እንዲሁ ይሰጣል።

እዚህ ላይ ቤተሰብ በርጋታ ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ አለ። ለጋሹ ሳይታመም ቢላዋ ሥር የሚገባ ጤነኛ ሰው ነው። ቀዶ ሕክምናው ከባድ ነው፤ ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም ሕይወታቸውን ያጡ ለጋሾች አሉ። ስለዚህ ማንም ሰው በይሉኝታ ወይም በዘመድ ግፊት ለጋሽ ሊሆን አይገባም። ጥሩ ሆስፒታል ለጋሹን ለብቻው አነጋግሮ ፈቃዱን ያረጋግጣል፤ ሐሳቡን ቢቀይርም ምስጢሩን ይጠብቅለታል።

የለጋሹን ስቃይ ለመቀነስ ከረዱት ዘዴዎች አንዱ የሮቦት ቀዶ ሕክምና ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሮቦቱ በራሱ ምንም አይቆርጥም። ሐኪሙ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የታካሚውን የሆድ ውስጥ ጎልቶ እያየ እጁን ያንቀሳቅሳል፤ በትንንሽ ቀዳዳዎች የገቡት የማሽኑ እጆችም የእሱን እንቅስቃሴ ሳይንቀጠቀጡ ይደግማሉ። ቁስሉ ትንሽ ስለሚሆን ለጋሹ ቶሎ ያገግማል። በሪያድ የሚገኘው የንጉሥ ፋይሰል ስፔሻሊስት ሆስፒታል በዚህ ሥራ በዓለም ከታወቁት አንዱ ነው። በቆሽት ካንሰር ለተያዙ ሰዎች የሚደረገው ረጅምና አስቸጋሪ ቀዶ ሕክምናም ዛሬ በአንዳንድ ሆስፒታሎች በሮቦት ይሠራል።

በአገራችን የአካል ንቅለ ተከላ የተጀመረው በኩላሊት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል። ለጉበት ግን ከምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ሕመምተኞች ወደ ህንድ ይጓዛሉ፤ ወጪውም ለአብዛኛው ቤተሰብ ከአቅም በላይ ነው። ስለዚህ ለእኛ ትልቁ ሕክምና ጉበት ሳይበላሽ መጠበቅ ነው።

አካባቢያችን ጉበትን የሚጎዱ ነገሮች ሞልተውበታል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ አብሮ በመብላት ግን አይተላለፍም። ክትባት አለው። ሄፓታይተስ ሲ ክትባት ባይኖረውም በጥቂት ወራት የክኒን ሕክምና ይድናል። የቢልሃርዝያ ትል እንቁላሎች ጉበት ላይ ጠባሳ ይፈጥራሉ፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ አካባቢ እንዶድ የበሽታውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉት ለዚህ ነው ትልቅ ቦታ የተሰጠው። የሻገተ በቆሎና ለውዝም አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይይዛል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቅ ኬንያ 125 ሰዎች በዚሁ መርዝ ሞተዋል።

ውድ ወላጆች፣ የልጆቻችሁን የክትባት ካርድ ተመልከቱ፤ እናንተም ተመርመሩ። ምላጭና መርፌ አትዋዋሱ፤ የሻገተ እህል አጥባችሁ ለመብላት አትሞክሩ። የሰው ዓይን ቢጫ ሲሆን ቅጠል ከመጭመቅ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ አንዳንዱ ቅጠል ራሱ ጉበትን ይጎዳልና። ተማሪዎች ሆይ፣ በባዮሎጂ ክፍል የምትማሩት የጉበት ሥዕል የሰው ሕይወት የተከፈለበት ዕውቀት ነው። ከመካከላችሁ ሐኪም የሚሆኑ ይኖራሉ፤ ያን ጊዜ የኛ ሕመምተኞች ጉበት ፍለጋ ባሕር መሻገር እንዳያስፈልጋቸው የምታደርጉት እናንተ ናችሁ።