ከጉድጓድ የሚወጣ ማዳበሪያ ለጫግኒ ገበያ ያዋጣል?

በአዊ ገበያዎች «ማዳበሪያ» የሚለው ቃል ሁለት ሸቀጥ ያመለክታል። አንደኛው በጅቡቲ ወደብ ከመርከብ የሚራገፈው ዩሪያና ኤንፒኤስ ነው። ሁለተኛው ባዶው ጆንያ ተመልሶ የሚሞላው ከሰል ነው፤ ገዥው «አንድ ማዳበሪያ ከሰል ስንት ገባ?» ብሎ ይጠይቃል። የጫግኒ ነጋዴ ሁለቱንም ያውቃቸዋል፤ የሁለቱም ዋጋ ሲወጣ እንጂ ሲወርድ ብዙ አላየም። ሦስተኛው ማዳበሪያ ግን በየጓሮው ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ይኖራል። ይህኛው ሲሞላ ባለቤቱ ለማስወጣት ገንዘብ ይከፍላል እንጂ አይቀበልበትም።

ጉዳዩ ወደ ንግድ ገጽ የመጣው የሁለቱ ሸቀጦች ምንጭ አስተማማኝነት ስላጣ ነው። አገሪቱ የምትጠቀመው የፋብሪካ ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። በ2015 ዓ.ም. የእርሻ ወቅት የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጥተው ባሕር ዳር ድረስ ሄደው አቤት ብለዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የእያንዳንዱ ኩንታል የብር ዋጋ ምን ያህል እንደተለወጠ ለአስመጪ መንገር አያሻም። በከሰሉ በኩልም የፋግታ ለኮማን ገበሬ ባለ ገንዘብ ያደረገው የዲከረንስ ዛፍ ባለፉት ዓመታት ዝገት የሚባል የፈንገስ በሽታ ገብቶበታል። ከጫግኒ ወጣ ብሎ በሚያልፈው መንገድ ሲሚንቶና ብረት ወደ ጉባ ተጉዞ፣ 5,150 ሜጋ ዋት ያመነጫል የተባለው ታላቁ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይሁንና የብዙ ቤት ወጥ ዛሬም የሚበስለው በከሰልና በእንጨት ነው።

እንግዲህ ነጋዴ በቁጥር ነውና የሚነጋገረው፣ ወደ ሒሳቡ እንግባ። አንድ ሰው በቀን ከሚያስወግደው ዓይነ ምድር አየር በሌለበት ማብላያ ውስጥ 25 ሊትር ያህል ባዮጋዝ ይገኛል። አንድ ሺህ ሰው የሚመገብበትና የሚያድርበት ተቋም በቀን 25 ሜትር ኩብ ያገኛል ማለት ነው። ይህ በምድጃ ላይ ከ35 እስከ 40 ኪሎ ከሰል የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። የሺህ ሰው ዓይነ ምድር በቀን አንድ ማዳበሪያ ከሰል አካባቢ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። ተርባይን ለማዞር የሚያስብ ባለሀብት ቢኖር እዚህ ላይ ቢያቆም ይሻለዋል። ለአንድ ትልቅ ወጥ ቤት ግን ቀላል ገንዘብ አይደለም። በሩዋንዳ እስር ቤቶች የተሠሩት ማብላያዎች የወጥ ቤቱን የማገዶ ወጪ ወደ ግማሽ ያወረዱት በዚህ ስሌት ነው።

ወደ አፈሩ ስንመጣ፣ ከአንድ ሰው በዓመት የሚወጣው ናይትሮጂን በግምት ሦስት ኪሎ ነው፤ የሚበዛው በሽንቱ ውስጥ ነው። የሺህ ሰው ናይትሮጂን ሦስት ሺህ ኪሎ ይሆናል። አንድ ኩንታል ዩሪያ የሚይዘው 46 ኪሎ በመሆኑ ይህ 65 ኩንታል ዩሪያ ነው። ግማሹ በአያያዝ ቢተን እንኳ 32 ኩንታል ይቀራል። ፎስፈረሱና አፈር የሚያለሰልሰው ብስባሽ በዚህ ላይ የሚጨመር ነው። የአዊ ደጋ መሬት በአሲድነት የተጎዳ መሆኑና ገበሬው ኖራ ፍለጋ የሚንከራተት መሆኑ ሲታሰብ ብስባሹ ራሱ ገዥ የሚያጣ አይመስልም።

ነገር ግን እነዚህ ቁጥሮች ለትኩስ ፍሳሽ ናቸው። በጉድጓድ ውስጥ ዓመታት የተኛ ዝቃጭ ጋዙን ቀድሞ ተንፍሶ ጨርሷል፤ ሽንቱም ወደ መሬት ሰርጎ ናይትሮጂኑን ይዞ ሄዷል። ከአዲስ አበባ ውጭ አብዛኞቹ ከተሞቻችን የፍሳሽ መስመር ስለሌላቸው መምጠጫ ቦቴ የሚያወጣው በአብዛኛው ይህንን አሮጌውን ነው። ጋዝ የሚፈልግ ሰው ማብላያውን ሽንት ቤቱ ሥር መትከል አለበት። ከጉድጓድ የሚቀዳው ለጋዝ ሳይሆን ለአፈር ነው። ብዙ ፕሮጀክት ይህን ሳይለይ ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ ደምሮ ትርፍ አሳይቷል።

የአገራችን ታሪክም የሚያስጠነቅቅ ነው። ባዮጋዝ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ነበር። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በመጀመሪያው ምዕራፍ 14 ሺህ ማብላያ ሊሠራ አቅዶ የሠራው ከስምንት ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ከተሠሩትም ሥራ ያቆሙ አሉ። ፋንድያ ከእኩል ውሃ ጋር መበጥበጥ ስላለበት ውሃ ሩቅ የሆነበት ቤት ይሰለቻል። የተለመደው የጋዝ ምድጃ ደግሞ ለምጣድ የሚመች አይደለም፤ እንጀራ የማይጋግር ምድጃ ለእማወራዋ ግማሽ ምድጃ ነው። ሽንት ቤት የተገናኘበት ማብላያ የውሃውን ችግር በከፊል ያቃልላል። ነገር ግን «በዚያ ጋዝ የበሰለ ወጥ አልበላም» የሚል ሰው ሞልቷል።

ጫግኒ እዚህ ላይ ከእንጅባራ የምትሻልበት አንድ ነገር አላት፤ ሙቀት። ጋዝ የሚሠሩት ተሕዋስያን ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ሲሆን ይፈጥናሉ፣ በብርድ ይተኛሉ። በደጋው እንጅባራ ብዙ ቀን የሚወስደው ማብላት በጫግኒ ቆላማ አየር ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ያ ማለት ጉድጓዱ ትንሽ፣ ሲሚንቶውም ጥቂት ይሆናል። የበጋው ፀሐይ ዝቃጭ ለማድረቅም ያለ ክፍያ ይሠራል።

ሁለተኛው ብልጫ ከቃሊቲ ጋር ሲነጻጸር የሚታይ ነው። በአዲስ አበባ የቃሊቲ ማጣሪያ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ይቀበል ከነበረው ከአሮጌዎቹ ኩሬዎች ተነስቶ በዓለም ባንክ ገንዘብ ወደ 100 ሺህ ሜትር ኩብ አድጓል፤ ሥራውም በከፊል አየር በሌለበት ማብላያ ነው። የትልቅ ከተማ ዝቃጭ ግን የፋብሪካ ኬሚካል ሊቀላቀልበት ስለሚችል ለእርሻ ከመሸጡ በፊት መመርመር አለበት። ብዙ ፋብሪካ የሌላት ከተማ ዝቃጭ የሰው ብቻ ነው፤ ገዥን ለማሳመን ይቀላል።

ታዲያ ሥራው የሚያዋጣው ማንን ነው? ጋዝ ያለ ውድ መሣሪያ አይጓዝም፤ የተጣራውም ውሃ ከአጠገቡ ካለ የመስኖ ማሳ አይርቅም። ተጭኖ ገበያ የሚወጣው ደረቁ ብቻ ነው። ስለዚህ ጋዙ የሆቴሉ፣ የሆስፒታሉና የትምህርት ቤቱ ወጪ መቀነሻ ነው፤ ለነጋዴ የሚቀረው ደረቁ ነው። በሕንድ ካርናታካ ዴቫናሃሊ የተባለች ትንሽ ከተማ በ2008 ዓ.ም. በቀን ስድስት ሜትር ኩብ ዝቃጭ ብቻ የሚቀበል ማጣሪያ ከፍታ ብስባሹን ለገበሬ አቅርባለች። የኬንያዋ ናይቫሻም የሰው ዝቃጭ ተክሞና ተጠፍጥፎ ማገዶ ሆኖ ሲሸጥባት ቆይቷል። የከሰል ደላላና የከሰል መኪና ለማይጠፋበት አዊ ይህ ሁለተኛው ምሳሌ ሳይቀርበው አይቀርም።

ገቢው ከሁለት በኩል ነው። ቤተሰቡ ለማስወጣት ይከፍላል፣ ገበሬው ለመግዛት ይከፍላል። ሁለተኛውን ብቻ ቆጥሮ የገባ ይከስራል፤ ብስባሽ ከባድና ርካሽ ዕቃ በመሆኑ የጭነት ዋጋ ቶሎ ይበላዋል። እህልና በርበሬ ጭኖ የወጣ መኪና ሲመለስ ባዶውን ከሚሄድ ቢጭነው ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የተነሳው ግጭት የመንገዱን ሥጋት በዚህ ሒሳብ ውስጥ እንዲገባ ማስገደዱም አይረሳ።

ጤናው ላይ ቸልታ ከተደረገ ገበያው በአንድ ቀን ይዘጋል። የወስፋት እንቁላል በደረቅ ክምር ውስጥ ለወራት ሳይሞት ይቆያል። ክምሩ ውስጡ ከ55 ዲግሪ በላይ እንዲሞቅ እየተገላበጠ መብሰል አለበት። በጥሬው ለሚበላ ሰላጣና ቲማቲም መስጠት አይገባም። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች የማንጎ፣ የቡናና የዲከረንስ ችግኝ ጣቢያዎች ቢሆኑ ሥጋቱ ይቀንሳል፤ ችግኝ ደግሞ የሚተከለው ክረምት ሲገባ ነው። በጥቅምት ከጉድጓድ የወጣው እስከ ግንቦት ደርቆ፣ በስሎና ተመዝኖ በጆንያ ካልገባ፣ እስከ ሚቀጥለው ዓመት ቦታ ይዞ ይከርማል።