የጨፋ ርጭትና የቤተ ሙከራ ሕግ

ቤተ ሙከራ ውስጥ አደገኛ ኬሚካል የሚይዝ ባለሙያ የመጀመሪያ ሕጉ ቀላል ነው፦ ምንነቱ ያልተጻፈበትን ዕቃ አይከፍትም፤ መርዝንም በመጠጥ ጠርሙስ አያስቀምጥም። ጓንቱና መነጽሩ የሚከተሉት ከዚያ በኋላ ነው። በጨፋ ሸለቆ፣ በከሚሴ ዙሪያ በመስኖ በሚለሙ ማሳዎች ላይ የሚረጨው ፀረ-ተባይም ያንኑ ጥንቃቄ ይሻል። የአያያዙ ችግር በተነሳ ቁጥር ግን «የአርሶ አደሩ ግንዛቤ ማነስ ነው» ይባልና በአንድ ሥልጠና ይታለፋል። ይህ መልስ የችግሩን ሥር አይነካም።

የአገራችን ትልቁ የፀረ-ተባይ ጥፋት የደረሰው በአርሶ አደር እጅ አልነበረም። በግዢም በዕርዳታም የገባ ኬሚካል በየመጋዘኑ ለዓመታት ተከማችቶ በርሜሉ ዛገ፣ መለያው ረገፈ፣ ፈሳሹም ወደ አፈር ሰረገ። በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ድጋፍ ወደ 1,500 ቶን የሚጠጋ ጊዜው ያለፈበት መርዝ ተሰብስቦ ፊንላንድ ድረስ ተጭኖ የተቃጠለው በዚህ የተነሳ ነው። ያን ሁሉ ያስገቡትና ያከማቹት የተማሩ ሰዎች ነበሩ። የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን የሚገባውን የሚመጥን፣ ያለውን የሚቆጥር፣ ሳያረጅ የሚያስወጣ አሠራር ነበር።

«ያለ ኬሚካል ምርት የለም» የሚለው ክርክር እውነትነት አለው። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የበረሃ አንበጣ ወሎንና ጨፋ የሚገኝበትን የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሲወር የደረሰ ማሽላና ጤፍ እያየ እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ማንም ለገበሬ አይመክርም። ጥያቄው የትኛው ኬሚካል በማን እጅ ይግባ የሚለው ነው። «መከላከያ ልብስ ይልበስ» የሚሉም አሉ። በጨፋ ሙቀት፣ መርጫ አዝሎ፣ ወፍራም ቱታና ጭንብል ለብሶ ግማሽ ቀን መሥራት ግን የሚቻል አይደለም። ፋኦና የዓለም ጤና ድርጅት ያወጡት ዓለም አቀፍ የፀረ-ተባይ አያያዝ ደንብም ይህንን ተረድቶ፣ የማይመች፣ ውድ ወይም በቀላሉ የማይገኝ መከላከያ የሚጠይቅ ፀረ-ተባይ በተለይ በሞቃት አገር ላሉ አነስተኛ ገበሬዎች እንዲቀር ይመክራል። ቤተ ሙከራም ቢሆን ከጓንት በፊት የሚያደርገው አደገኛውን በቀለለው መተካት ነው፤ ጓንት የመጨረሻው አጥር ነው።

ስለዚህ ሸክሙ ወደ ሱቁና ወደ ፈቃድ ሰጪው መዞር አለበት። የ2002ቱ የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ያልተመዘገበ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ሕግ አልጠፋም። በባዶ የውሃ ፕላስቲክ (ሃይላንድ) እየተቀነሰ የሚሸጥ መርዝ ይቁም፤ መለያው በኦሮምኛም በአማርኛም ይነበብ፤ ባዶው ጀሪካን የውሃ መቅጃ ከመሆኑ በፊት የሚመለስበት ቦታ ይኑር። በበጋ ከአፋር ወደ ጨፋ የሚመጣው አርብቶ አደር ከብቱን የሚያጠጣው ከዚሁ ሸለቆ ከቦርከና ወንዝ ነውና ጉዳዩ የአንድ ማሳ ብቻ አይደለም። ሥልጠናው ይቀጥል፤ የዞኑ ግብርና መምሪያ ግን ቁጥጥሩን ከሱቅ ይጀምር።