ትንሿ ውሻ በቡና ምድር፦ ተረትና እውነታ

በተለምዶ «የፈረንጅ ውሻ» ስለሚባለው ትንሽ፣ ጠጉራም የቤት ውሻ ከሚነገሩት ተረቶች አብዛኞቹ ከአንድ ስሕተት ይቀዳሉ፤ ይኸውም ውሻዪቱን አንዴ እንደ መጫወቻ፣ አንዴ እንደ ትንሽ ላም መቁጠር ነው። አራት ኪሎ የሚመዝን አካል የራሱ ልክ አለው፤ ከበበቃ እስከ ቴፒ፣ በሚዛን ተፈሪም ዙሪያ በተዘረጋው ዝናባማና ሞቃት የቡና ምድር ደግሞ ይህን ልክ የሚፈታተኑት ነገሮች ብዙ ናቸው።

ከተረቶቹ የከፋው «ከቤት የማትወጣ ውሻ ክትባት አያሻትም» የሚለው ነው። ፓርቮ የተባለው፣ ቡችላን በደም ተቅማጥ የሚፈጀው በሽታ ተዋሲያኑ በአፈር ላይ ለወራት ሊቆዩና በሰው ጫማ ተለጥፈው ሊገቡ ስለሚችሉ፣ የተዘጋ በር ብቻውን አያግዳቸውም። የእብድ ውሻ በሽታም ከፀሐይ ግለት ወይም ከረኀብ የሚመጣ ሳይሆን በታመመ እንስሳ ምራቅ ውስጥ ባለ ቫይረስ የሚተላለፍ ሲሆን፣ አጥር ሾልኮ የገባ አንድ ውሻ ለአፍታ ቢነክሳት ይበቃል። «ውኃ ከጠጣች አላበደችም» የሚለው መለያ አያስተማምንም፤ ውኃን መፍራት በይበልጥ በታመመ ሰው ላይ የሚታይ ምልክት ነውና። በሽታው ሁልጊዜ በመናከስና በመቅበዝበዝ አይገለጥም፤ ድምፅ አልባ በሆነው መልኩ የታችኛው መንጋጋ ይወድቃል፣ ለሐጭ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅታል፣ ባለቤቷም «አጥንት አንቋት ነው» ብሎ ጣቱን ወደ ጉሮሮዋ ይሰዳል፤ ከዚህ የበለጠ አደገኛ ርኅራኄ ማሰብ ይከብዳል። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የማይታሰብ ያህል በመሆኑ፣ የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባዋል፤ ጠበል የሚጠመቅም ቢሆን ጠበሉ ክትባቱን ሊያስቀርበት አይገባም። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 የመጀመሪያውን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለሰው ከሰጠ ወዲህ በሽታውን አስቀድሞ መከላከል የሚቻል ሲሆን፣ ለውሻዪቱ በሦስት ወር ገደማ ተጀምሮ በእንስሳት ሐኪም ቀጠሮ የሚደገመው መርፌ ቤተሰቡንም ይጠብቃል።

«ገንዲ የከብት በሽታ ነው» የሚለው አባባል ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። ገንዲ፣ ማለትም የቆላ ዝንብ ሲነክስ የሚያስተላልፈውና በደም ውስጥ የሚራባ ጥገኛ ተሐዋሲ የሚያመጣው በሽታ፣ ውሻንም ክፉኛ ይይዛል፤ ትኩሳት፣ የድድ መንጣትና የዓይን እንደ ወተት መጋረድ ከምልክቶቹ ናቸው። ጉዳቱን የሚያብሰው ለላም የተገዛውን መድኃኒት «ቀነስ አድርጎ» መውጋት ሲሆን፣ ዲሚናዚን የተባለው የገንዲ መድኃኒት በውሻ ላይ በሚያድነውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ በመሆኑ ከልክ ሲያልፍ አንጎልን ሊያደማ ይችላል። ለመዥገርና ለእከክ የሚፈለገው አይቨርሜክቲንም እንዲሁ ነው፤ በከብት መርፌ አንዱ ሚሊ ሊትር ለ50 ኪሎ ክብደት የተሰላ በመሆኑ፣ ያው ሚሊ ሊትር ለአራት ኪሎ ውሻ ቢሰጥ ከ12 እጥፍ በላይ ይሆንባታል። እንግዲህ ከሐኪም በፊት የሚያስፈልገው ሚዛን ነው፤ ውሻዪቱን አቅፎ ሚዛን ላይ ቆሞ፣ ከዚያም የራስን ክብደት መቀነስ ይበቃል።

በቡና አገር ቡናን መርዝ ማለት ለጆሮ ይከብዳል፤ ሆኖም የውሻ አካል ካፌይንን፣ ማለትም ቡናን አነቃቂ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር፣ በሰው ልክ መቋቋም አይችልም። በአንድ ኪሎ የውሻ ክብደት 20 ሚሊ ግራም ገደማ ሲደርስ መቅበጥበጥ፣ ትውከትና የልብ ምት መፍጠን ይጀምራሉ፤ አንድ ግራም የአገራችን ቡና 12 ሚሊ ግራም ያህል ስለሚይዝ፣ ከቁና ሥር የተንጠባጠበ ሰባት ግራም የተቆላ ፍሬ፣ ማለትም ከአንድ እፍኝ እጅግ ያነሰ፣ ለአራት ኪሎ ውሻ በቂ ነው። ከጀበና የተደፋ አተላም ካፌይኑ ሙሉ በሙሉ አይለቀውም፤ ከቡና ቅጠል የሚፈላው ጨሞም ካፌይን ያለበት ሲሆን፣ ነጭ ሽንኩርት ሲገባበት ሌላ መዘዝ ይጨመራል፤ ሽንኩርት ጥሬም ሆነ የበሰለ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳልና። በዚህ ረገድ ዶሮ ወጥ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ መረቁ በሽንኩርቱ፣ የበሰለው አጥንት በስንጣሪው።

«በርበሬ የበላ ውሻ ጀግና ይሆናል» የሚባለው አፍና ሆድ ከማቃጠል በቀር ፍሬ የለውም። «አንድ ጊዜ ሳትወልድ ማምከን ያሳምማታል» የሚለውም መሠረት የለውም፤ እንዲያውም ያልመከነች ውሻ በዕድሜዋ ማምሻ ማሕፀኗ መግል ሊቋጥር ይችላል።

የመጨረሻው ተረት «የአፍ ሽታ እርጅና ነው» የሚል ነው። ትንንሽ ዝርያዎች ከ12 ዓመት በላይ ሊኖሩ ሲችሉ፣ ጥርሳቸው በጠባብ መንጋጋ ላይ ስለሚጨናነቅ ብዙዎቹ በሦስተኛ ዓመታቸው ይህን ሽታ የሚያመጣው የድድ ሕመም ይጀምራቸዋል። በሳምንት አንድ ቀን የላይኛውን ከንፈር በአውራ ጣት ገለጥ አድርጎ የኋላውን የመንጋጋ ጥርስ ማየት፣ በድዱ ጠርዝ ላይ ቡናማ ቅርፊት ወይም ቀይ መስመር ከተገኘም የሰውን የጥርስ ሳሙና ሳይቀቡ ለሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል።