የቅዳሜ ጠዋት ካርቱኖች ዘመን ሲያበቃ ለልጆች ምን ቀረ?

በአሜሪካ ቅዳሜ ጠዋት ለአሥርት ዓመታት የልጆች ሰዓት ነበር። ከአውሮፓውያኑ 1960ዎቹ ጀምሮ ታላላቆቹ ጣቢያዎች ሰዓቱን ለካርቱን ፊልሞች ሰጥተውታል። በ1969 የጀመረው 'ስኩቢ ዱ' ከዝነኞቹ አንዱ ነው።

በኋላ ግን የኬብል ቴሌቪዥን፣ የቪዲዮ ጨዋታና ኢንተርኔት ልጆች የወደዱትን በፈለጉት ሰዓት እንዲያዩ አስቻሏቸው። በ1990 የወጣ ሕግም ጣቢያዎች ለልጆች ትምህርታዊ ዝግጅት እንዲያቀርቡ አስገደደ። 'ሲደብሊው' የተባለው ጣቢያ በ2014 የቅዳሜ ጠዋት ካርቱኖቹን ሲያቋርጥ የዚያ ዘመን ማብቂያ ተደርጎ ተወሰደ።

በኢትዮጵያ ልጆችን በአንድ ሰዓት ቴሌቪዥን ፊት የሰበሰበው ግን ተረት ነበር። 'አባባ ተስፋዬ' በሚል ስም የሚታወቁት ተስፋዬ ሳህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለ42 ዓመታት ለልጆች ተረት ተርከዋል። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ተረታቸውን እየሰሙ ያደጉ ትውልዶች አዝነዋል።

ሌላዋ የልጆች ተወዳጅ 'ፀሐይ' ነች፤ ከካልሲ የተሠራች ቀጭኔ። የፈጠሯት መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤታቸው ናቸው። 'ፀሐይ መማር ትወዳለች' በአውሮፓውያኑ 2008 'የጃፓን ሽልማት' አግኝቷል። ድርጅታቸው ከዚያ 'ጥበብ ገርልስ' የተሰኘውን የሴት ልጆች የካርቱን ተከታታይ ሠርቷል።

ዛሬ ስልክ የያዘ ልጅ ቅዳሜን መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ካርቱን በማንኛውም ሰዓት እጁ ላይ ነው። በገዛ ቋንቋው የተሠራውን ግን ፈልጎ ማግኘት አለበት።