መብራት ሲጠፋ ምን ያደርጋል? የመስኖ አውቶማቲክ መቆጣጠሪያ አመራረጥ በራያ ቆቦ

ከወልዲያ ተነስቶ ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ቆቦ የሚገባው መንገድ የሚያቋርጠው ሜዳ አፈሩ ለም ነው፤ የሚያጥረው ውሃ ነው። የራያ ቆቦ ቆላ በዓመት በአማካይ የሚያገኘው ዝናብ ከ600 እስከ 700 ሚሊ ሜትር ሲሆን እሱም በበልግና በክረምት ተከፋፍሎ፣ አንዳንዴ ዘግይቶ ይመጣል፤ አንዳንዴም እህሉ ሳያፈራ ይቋረጣል። ገበሬው ለዚህ የቆየ መላ አለው፤ ከተራራው የሚወርደውን የጎሊናንና የሆርማትን ጎርፍ እየጠለፈ ማሽላና ጤፍ ያበቅላል። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ደግሞ ጥልቅ ጉድጓዶችን አስቆፍሮ የጠብታና የርጭት መስኖ ዘርግቷል። ጎርፍ ሲመጣ አገር ሁሉ ያየዋል። ከጉድጓድ ወጥቶ በቧንቧ የሚሄድ ውሃ ግን ስንት እንደሆነ፣ የት እንደደረሰ በዓይን አይታወቅም። መቼ ይከፈት፣ መቼ ይዘጋ የሚለውን ለመሣሪያ መስጠት የሚያጓጓውም ለዚህ ነው። በገበያ ላይ ያለው ከተራ የሰዓት መቆጣጠሪያ እስከ በስልክ የሚታዘዝ ሥርዓት ድረስ ሰፊ ነው። ገዢው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ዕቃው ስንት ዓይነት ሥራ እንደሚሠራ ነው። ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን ሲበላሽ ወይም መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ ነው።

መሣሪያው ለምን እንደሚያስፈልግ የአንድ ሄክታር ሽንኩርት ሂሳብ በደንብ ያሳያል። በሙቀቱ ወራት ሰብሉ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል ብንል፣ 1 ሚሊ ሜትር በሄክታር 10 ሜትር ኩብ ስለሆነ፣ የቀኑ ፍጆታ 50 ሜትር ኩብ ይሆናል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት መመሪያ ለጠብታ መስኖ 90 በመቶ፣ በቦይ ለሚፈስ 60 በመቶ ውጤታማነት ይሰጣል። በዚህ ስሌት በጠብታ 56፣ በቦይ 83 ሜትር ኩብ ገደማ ማውጣት ያስፈልጋል። በሰከንድ 20 ሊትር የሚያወጣ ፓምፕ 56ቱን በ47 ደቂቃ ይጨርሳል። ያው ፓምፕ ዘጊው ዘንግቶት ለዚያው ማሳ 2 ሰዓት ቢሠራ 144 ሜትር ኩብ ያፈሳል፤ ያን ጊዜ ውድ ዋጋ የተከፈለበት ጠብታ መስኖ ከቦዩ የባሰ አባካኝ ይሆናል። የሽንኩርት ሥር አብዛኛው ከላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር ስለማያልፍ ከዚያ በታች የወረደው ውሃ ማዳበሪያውንም ይዞ ይሄዳል። ቁጠባው የሚገኘው እንግዲህ ከቧንቧው ሳይሆን በሰዓቱ ከመዝጋቱ ነው፤ በሰዓቱ መዝጋት ደግሞ ማሽን የሚችለው ሥራ ነው።

ሆኖም በሰዓቱ የሚዘጋ ማሽን ለመዝጋትም፣ ሰዓቱን ለማወቅም ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። በራያ ቆቦ መብራት መጥፋቱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ወደ አካባቢው ሲዘልቅ ደግሞ ለወራት ተቋርጦ ነበር። እዚህ ላይ ቫልቮቹ ይለያያሉ። አንዱ ዓይነት ኃይል ሲያጣ በራሱ ይዘጋል። ሌላው ባለበት ይቆያል፤ ተከፍቶ ከነበረ ክፍት እንደሆነ ይቀራል። የመጀመሪያው ለማሳው ይሻላል፤ ነገር ግን ቫልቮቹ ሁሉ ተዘግተው ፓምፑ በጄኔሬተር መሥራቱን ከቀጠለ ውሃው መሄጃ ያጣል፤ ግፊቱ ቧንቧ ያፈነዳል፣ ሞተሩም ይግላል። ስለዚህ ፓምፑና ቫልቮቹ በአንድ ላይ የሚታዘዙ መሆን አለባቸው፤ ግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭም ሊቀር አይገባም።

የሰዓቱ ነገር ከዚህ የቀለለ ቢመስልም ሰብል ሊያደርቅ ይችላል። ከውጭ የሚመጡት መቆጣጠሪያዎች ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ጀምረው ይቆጥራሉ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ውሃ እንዲለቀቅ ፈልጎ 12:00 ብሎ የሞላ ሰው ውሃው የሚለቀቅለት ቀን 6 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት ስትደርስ ነው። መሙላት የነበረበት 06:00 ነበር። ባትሪ የሌለው ርካሽ ዕቃ ደግሞ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሰዓቱን ከዜሮ ይጀምራል፤ ማታ የጠፋ መብራት የነገውን ፕሮግራም ሁሉ ያዛባል። ባትሪ ያለውና ቅንብሩን የማይረሳ መሆኑ ከስልክ መተግበሪያው በፊት መታየት ያለበት ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የሞተር መቃጠል ነው። ጉድጓድ ውስጥ የሚገባው ፓምፕ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ፌዝ ይሠራል፤ አንዱ ፌዝ ጎድሎ ሁለቱ ሲቀሩ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ኃይል ስቦ ይቃጠላል። የጉድጓዱ ውሃ ወርዶ ፓምፑ በደረቁ ሲሽከረከርም እንዲሁ ነው። ሁለቱንም የሚያስቆሙ ትንንሽ መከላከያዎች አሉ፦ አንደኛው የፌዝ መጉደልን፣ ሁለተኛው የጉድጓዱን ውሃ ከፍታ ይከታተላል። እነዚህ ከዋናው መቆጣጠሪያ ተለይተው በራሳቸው መቆም አለባቸው። አዛዡ ሲሳሳት የሚያስቆመው ሌላ መሆን አለበት።

ጉልበት በሞላበት አገር ቫልቭ ለመዝጋት ማሽን ምን ያደርጋል? የሚል ይኖራል። የውሃ አባት ተራ እየደለደለ ስንት ዘመን አስተዳድሯል፤ ገበሬውም አፈሩን በእጁ ጨብጦ ርጥበቱን ያውቃል። ክርክሩ እውነትነት አለው። ተራ ማስከበርና ጠብ መዳኘት የሰው ሥራ ነው፤ ማሽን አይተካውም። እጅ ግን የሚያውቀው የላይኛውን አፈር ነው፤ በጠብታ መስኖ ላዩ ደርቆ ሥሩ ሊርስ ይችላል። ለዚህ መልሱ ከመቆጣጠሪያም የቀደመ ነው፤ መለካት። ሥሩ አጠገብ የሚቀበርና አፈሩ ሲርስ ሰማያዊ፣ መካከለኛ ሲሆን አረንጓዴ፣ ሲደርቅ ቀይ የሚያበራ መሣሪያ አለ፤ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬም ያነበዋል። ከዋናው ቧንቧ ላይ የሚገጠም የውሃ ቆጣሪ ደግሞ ሌላውን ጉድለት ያጋልጣል። የጠብታ ቀዳዳዎች በአሸዋና ከጉድጓድ ውሃ በሚቀር ኖራ ሲደፈኑ መቆጣጠሪያው ቫልቩን በሰዓቱ ከፍቶ በሰዓቱ ዘግቶ ሥራው እንደተሠራ ይቆጥራል፤ ሰብሉ ግን ይጠወልጋል። 56 ሜትር ኩብ መቁጠር የነበረበት ቆጣሪ 35 ካለ ማጣሪያውና ቀዳዳዎቹ መታጠብ እንዳለባቸው ወዲያው ይታወቃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሌላው ወገን ይመጣል፦ ከተገዛ አይቀር ለምን ዘመናዊው አይገዛም? የአየር ሁኔታን አይቶ ራሱ የሚወስነው፣ ከሩቅ በስልክ የሚታዘዘው? ኔትወርኩ በማይቆራረጥበት፣ መለዋወጫውም በቅርብ በሚገኝበት እርሻ ይህ ጥሩ ምርጫ ነው። ወልዲያ ወይም ደሴ የሚጠግነው ባለሙያ ከሌለ ግን አንድ ካርድ ሲቃጠል ውሃው በሙሉ ይቆማል፤ ሽንኩርት ደግሞ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አይጠብቅም። በዚያ ላይ ዘመናዊ መቆጣጠሪያ በራሱ የጉድጓዱን ውሃ አያተርፍም። የተረፈው ውሃ ማሳ ለማስፋት ከዋለ፣ በተለይ ነዳጅ በማይጠይቀው የፀሐይ ፓምፕ፣ ከጉድጓዱ የሚወጣው ሊጨምርም ይችላል፤ ይህን የሚወስነው የተጠቃሚዎች ማኅበር እንጂ ማሽኑ አይደለም።

ስለዚህ ገንዘብ የሚወጣበት ቅደም ተከተል ይህ ቢሆን ይበጃል፦ መጀመሪያ የውሃ ቆጣሪና የርጥበት መለኪያ፤ ቀጥሎ የሞተር መከላከያዎች፤ ከዚያ ባትሪ ያለው፣ በእጅም ሊከፈትና ሊዘጋ የሚችል ቀላል የሰዓት መቆጣጠሪያ፤ በስልክ የሚታዘዘው በመጨረሻ፣ እነዚያ ሁሉ ሲሠሩ ከታዩ በኋላ። ማኅበሩም ሆነ ባለ ማሳው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ዕቃው ውሃ እያስተላለፈ ሳለ ብሬከሩን ያውርድ፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ መልሶ ያንሳ። ቫልቮቹ ካልተዘጉ፣ ወይም ሰዓቱ ከጠፋበት፣ ያ ዕቃ ለራያ ቆቦ አይሆንም።